ሽጉጡ የት ይግባ?

በእኛ አገር ወግ መሣሪያ የሚያዘው እንዲታይ ነው። ጠመንጃ ትከሻ ላይ ይውላል እንጂ ጋቢ ውስጥ አይደበቅም፤ ዝናር ወገብ ላይ የሚታሰረውም ለጥይቱ ብቻ ሳይሆን ለዓይን ጭምር ነው። ገጠር ያደገ ሰው እንግዳ ከሩቅ ሲመጣ መጀመሪያ ያነገተውን ያያል፣ ቀጥሎ ፊቱን። ምኒሽር የያዘ አንድ ነው፤ ቤልጂግ ያነገተ ደግሞ ቦታ ይለቀቅለታል። አሜሪካ ውስጥ ግን ከሰው ዓይን እንዲሰወር ብቻ ተብሎ የሚሠራ፣ በግራም እየተመዘነ የሚሸጥ፣ እየተተቸ የሚመረጥ የሽጉጥ ዘር አለ። የኪስ ሽጉጥ ይባላል። ገዢው ቤቱ ሲደርስ የመጀመሪያ ሥራው መስተዋት ፊት ዞር ዞር ብሎ አለመታየቱን ማረጋገጥ ነው። ያን ሁሉ ዶላር አውጥቶ ምንም እንዳልገዛ ለመምሰል መልፋት እንግዲህ ለእኔ ብጤው ትንሽ ይከብዳል።

ነገሩ የባለቤቴ አጎት ጋ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። ጋሼ (ቤተሰቡ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው) ጎጃም ቢቸና ተወልደው ያደጉ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ለዓመታት ታክሲ የነዱ፣ አሁን አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ ቢራ፣ ሲጋራና ሎተሪ የምትሸጥ ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። ማታ ሱቁን ዘግተው፣ የዕለቱን ገንዘብ በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው፣ ከሕንፃው ጀርባ እስካለችው መኪናቸው ይሄዳሉ። አንድ ምሽት ሁለት ወጣቶች ከኋላ ደርሰው ሰዓት ጠየቋቸው። ነገሩ በዚሁ አለቀ፤ ጋሼ ሰዓቱን ነገሯቸው፣ ልጆቹም አመስግነው ሄዱ። በማግስቱ ግን ስልኬ ጠራ።

«በእጁ ስልክ የያዘ ልጅ ሰው ሰዓት የሚጠይቀው ሰዓት ጠፍቶት ነው?» አሉኝ።

«ምናልባት ባትሪው አልቆበት ይሆናላ፣ ጋሼ።»

«ሽጉጥ ልገዛ ነው። እንግሊዝኛውን አንተ ታወራልኛለህ።»

ጋሼ በእንግሊዝኛ ይበልጡኛል። የፈለጉት አስተርጓሚ ሳይሆን ምስክር ነው፤ በሳቸው ሥርዓት በሬ፣ ቤትና መሣሪያ ያለ ሰው አይገዛም።

የሕጉን ነገር ማጣራት ለእኔ ተሰጠ፤ መጀመሪያ የተጨቃጨቅነውም እዚያው ላይ ነው። በቨርጂኒያ፣ መሣሪያ እንዳይዝ ያልተከለከለ አዋቂ ሰው ሽጉጡን ወገቡ ላይ በግልጽ አንጠልጥሎ ቢሄድ፣ ከተወሰኑ ቦታዎች በቀር፣ ፈቃድ አይጠየቅም። ኮት ከደረበበት ግን ያው ሽጉጥ ፈቃድ ይፈልጋል።

«እስቲ ድገምልኝ» አሉ።

ደገምኩላቸው።

«ሰው እያየኝ ብይዘው ምንም የለም። ሰው እንዳይደነግጥ ብዬ ብሸፍነው እታሰራለሁ።»

«ፈቃድ ካላወጡ አዎ።»

«ታዲያ በግልጽ ነዋ! ምን አስጨነቀን?» ፊታቸው በራ። አባታቸው ከነጠመንጃቸው የተነሱት ፎቶ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ነው ያለው፤ ወደዚያ መልከት ሲሉ አየኋቸው።

ጉዳዩን የቋጩት ባለቤታቸው እትዬ ናቸው። ከወጥ ቤት ሳይወጡ፣ «አንተ ወገብህ ላይ አንጠልጥለህ ካሸሩ ጋ ቆመህ፣ ማን ገብቶ ሎተሪ ሊቆርጥ ነው?» አሉ።

መደበቅ ግድ ሆነ። ፈቃዱን የሚሰጠው ፖሊስ ሳይሆን አመልካቹ የሚኖርበት አካባቢ ፍርድ ቤት ነው። ዕድሜ 21 መሙላት አለበት፤ ሥልጠና መወሰዱን የሚያሳይ ወረቀት ይቀርባል፤ ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ መልሱ በ45 ቀን ውስጥ ይሰጣል፤ ከተገኘ 5 ዓመት ያገለግላል። ሥልጠናውን ድሮ ሶፋ ላይ ተጋድሞ በኮምፒውተር መጨረስ ይቻል ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2021 መግቢያ ወዲህ ግን በአካል መቅረብ ያስፈልጋል። የሚያስቀው፣ ሰው በገዛ ሱቁ ውስጥ ሽጉጡን ሸፍኖ ቢይዝ ይህ ሁሉ አይመለከተውም። ጋሼ ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው ከሱቃቸው በር እስከ መኪናቸው ላለችው መንገድ ነው። «ለዚያች መንገድ 50 ዶላር!» አሉ፤ ቢሆንም ተመዘገቡ።

ሽጉጥ ሊገዛ መሆኑን የተናገረ ሰው፣ አሞኛል ብሎ እንደተናገረ ሰው፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሐኪም ይሆንበታል። የድሮ ወታደር የነበሩ አንድ ወዳጃቸው «ማካሮቭ እያለ ምን ያስጨንቅሃል?» አሉ። ማካሮቭ የሶቪየት ጦር በ1951 የተቀበለው ባለ 8 ጥይት ሽጉጥ ነው፤ 730 ግራም ይመዝናል፣ ሱሪ ያወልቃል። አንድ ታክሲ ነጂ ከግሎክ ሌላ ሽጉጥ በምድር ላይ መኖሩንም አላመነም። ሁለቱን ሲያዳምጥ የቆየ ዲያቆን ደግሞ ውዳሴ ማርያምን በቃል መያዝ እንደሚበቃ ተናገረ፤ ክብደቱን በተመለከተ ማንም ሊከራከረው አልቻለም።

መደብሩ ውስጥ የተቀበለን ክንዱ ሙሉ ንቅሳት የሆነ ትሑት ወጣት ነው። መስተዋቱ ላይ ጥቁር ምንጣፍ ዘረጋና ሽጉጦቹን አንድ በአንድ አወጣ። እያንዳንዷን ሲያወጣ ካርታዋን ይነቅላል፣ ወደ ኋላ ስቦ ጉሮሮዋን ያያል፣ ለእኛም ያሳያል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚያቀብለው። ጋሼም ተቀብለው እንደገና ያያሉ። ይህን የሁለቱን ሥርዓት ወደድኩላቸው። ባዶ ነው የተባለ መሣሪያ ስንት ሰው እንደጨረሰ ለሁለቱም ንገሩን የሚሉ አይደሉም።

መጀመሪያ የመጣችው ሩገር ኤልሲፒ ናት። በ2008 የወጣች፣ ያለ ጥይት 270 ግራም ገደማ የምትመዝን፣ ካርታዋ 6 የሚይዝ። ጋሼ መዳፋቸው ላይ አኖሯት። መዳፋቸው ሰፊ ነው፤ ጠፋች።

«ዋናዋ የት አለች?» አሉ።

ወጣቱ ዋናዋ ይቺው መሆኗን፣ በ2021 ደግሞ ማክስ የተባለች 10 ጥይት የምትይዝ እህት እንደተጨመረችላት አስረዳ። ጋሼ እህትየዋንም አዩ። ከፍ ያለች አልመሰላቸውም።

የምትጎርሰው ጥይት ስሪ ኤይቲ የሚሏት ናት። ውፍረቷ ከተለመደው የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ጋር አንድ ሆኖ ቁመቷ ያጠረ፣ ጉልበቷም የቀነሰ። ጆን ብራውኒንግ የተባለው የዩታ ሰው የነደፋት ስትሆን ገበያ የወጣችው በ1908 ነው፤ ሰውየው ለአሜሪካው ኮልትም፣ ቤልጂግ አገር ላለው ኤፍኤን ለተባለው ፋብሪካም ሽጉጥ ሲነድፍ የኖረ ነው። ቤልጂግ ስል ጋሼ ቀና አሉ።

«የእኛው ቤልጂግ?»

የእኛው። በንጉሡ ዘመን አገራችን የገባው የቤልጂግ ጠመንጃ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ ነው። ከዚህ በኋላ ጋሼ ትንሿን ሽጉጥ የሚያዩበት ዓይን ለስለስ አለ፤ የዘመድ ልጅ ሆነችባቸው።

ትንሽ ናት ብሎ መናቅ ደግሞ አያዋጣም። በ1914 ሳራዬቮ ላይ አርክዱክ ፍራንዝ ፈርዲናንድና ባለቤቱ የተገደሉባት ሽጉጥ ብራውኒንግ የነደፋት፣ ኤፍኤን የሠራት፣ ይቺኑ ስሪ ኤይቲ የምትጎርስ ነበረች። በ1865 ጆን ዊልክስ ቡዝ ሊንከንን የገደለባት ደሪንጀር ከዚያችም ታንሳለች፤ የምትጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ዛሬ ዲሲ 10ኛው ጎዳና፣ ፎርድ ቲያትር ሙዚየም ውስጥ በመስተዋት ተቀምጣለች። ጋሼ በታክሲያቸው ስንቱን ቱሪስት እዚያ በር ላይ አውርደዋል፤ ራሳቸው ግን ገብተው አያውቁም።

«አንድ ጥይት ይዞ ፕሬዚዳንት ሊገድል ገባ?» ሲሉ ተደነቁ።

«አንድ። አብሯቸው የነበረውን መኮንንማ በጩቤ ነው የወጋው።»

«ይሄ ሰውዬ እብድ ነው» አሉ፤ በግድያው ይሁን በጥይቱ ቁጥር አልገባኝም።

ሁለተኛዋ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 የተባለች አምስት ጎራሽ ናት። ካርታ የላትም፤ ጥይቱ የሚገባው በሚሽከረከረው ከበሮዋ ውስጥ ነው። ከኪስ ስትወጣ ጨርቅ እንዳትይዝ መዶሻዋ ገላዋ ውስጥ ተደብቋል። ከብረትና ከአሉሚኒየም ቅይጥ ስለተሠራች 410 ግራም ገደማ ብቻ ናት። የቤተሰቧ አንጋፋ በ1950 የወጣ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስንት ፋሽን አልፎ እነዚህ አምስት ጎራሾች ከአሜሪካኖች ኪስ አልወጡም። ጋሼ ይቺን ሲያዩ ልጅ ሆነው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ያዩት ፊልም ሁሉ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ «ይቺ እንኳ ሽጉጥ ትመስላለች» አሉ።

ሦስተኛዋ ሲግ ፒ365 ናት። በ2018 ስትወጣ ገበያውን ያመሰችው እሷ ናት፤ በዚያ ቁመት ያሉ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጦች ካርታቸው 6 ወይም 7 ሲይዝ እሷ 10 ይዛ መጣች፤ ሌሎቹ ፋብሪካዎች ሊደርሱባት ሮጡ። ክብደቷ 500 ግራም ገደማ ነው። ጋሼ ጨበጧትና ዝም አሉ። ዝምታቸው ደህና ምልክት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የሽጉጥ ግምገማ ወሬ ነው። ክብደት በሚዛን፣ ርዝመት በማስመሪያ ይታወቃል፤ ዋናውን የሚናገረው ግን እጅ ነው። ከመደብሩ ጀርባ መለማመጃ አለ፤ ሽጉጥ ያከራያሉ፣ ጥይት ይሸጣሉ፣ ጆሮ መሸፈኛና መነጽር ያውሳሉ። ሰው ምንም ሳይተኩስባት ትንሿን ሽጉጥ ገራም ይላታል። ክብደት ማለት ርግጫን የሚውጥ ነገር ነው፤ ክብደት ከሌለ ርግጫው የሚሄድበት ቦታ እጅ ብቻ ነው። የኪስ ሽጉጥ ሻጮች ይህን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት፤ የእኛ ወጣት ግን አልሸሸገም።

ኤልሲፒዋን ጋሼ በሁለት እጃቸው ሲጨብጡ ትንሿ ጣታቸው ማረፊያ አጥታ አየር ላይ ቀረች። ወረቀቱ 7 ሜትር ላይ ተሰቅሏል። ተኮሱ። ባሩዱ ሸተተ፣ ቀልሃዋ ግድግዳውን መትታ እግሬ ሥር ወደቀች፣ ወረቀቱ እንደነበረ ነው። እንደገና ተኮሱ፤ ከወረቀቱ ጥግ፣ ሻጩ ስልክ ቁጥሩን ከጻፈበት በላይ፣ ቀዳዳ ተከፈተ። አፈሙዟ አጭር ስለሆነ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎቿ ተቀራርበዋል፤ እጅ ላይ የጸጉር ያህል የምትመስል ስህተት ወረቀቱ ላይ ስትደርስ ስንዝር ትሆናለች። ካርታዋን ሳይጨርሱ አስቀመጧትና በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ያለውን ሥጋ ያሹ ጀመር። «ነከሰችኝ» አሉ።

አምስት ጎራሿ የተለየ አመል አላት። ቃታዋ ረጅምና ከባድ ነው፤ ለኪስ ይህ በጎ ነው፣ ሳይታሰብ አይሳብም። ጋሼ ሳቡ፣ ሳቡ፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ዞረ፣ «ተዘግታለች እንዴ?» ሊሉኝ ዘወር ማለት ሲጀምሩ ወጣቱ ትከሻቸውን ይዞ ፊታቸውን ወደ ኢላማው መለሰው። ወዲያው ጮኸች። ሥልጠና ማለት ይህ ነው፤ ከሽጉጥ ጋር ወሬ ሲመጣ ራስ እንጂ አፈሙዝ አይዞርም፣ ራስም ባይዞር ይመረጣል። በሲጓ ግን ጥይቶቻቸው መሀል ላይ ተጠጋግተው አረፉ። ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ስበው ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ዳበሱ፤ ጥርሳቸው ታየ።

«ይቺን!» አሉ።

እኔም ብሆን ያለ ጥርጥር ይቺን እላለሁ። ጉዳዩ ግን ኪስ ነው። ጋሼ የሚለብሱት ባለ መስመር፣ ቀጥ ብሎ የተተኮሰ የካኪ ሱሪ ነው፤ ፒ365ን ሲከቱባት እጀታዋ አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችን። ወገብ ላይ ሞከሩ። ወገባቸው ላይ ደግሞ ቦርጫቸው ከቀበቶው አልፎ ስለሚንጠለጠል ከፊት ቦታ የለም፤ ከጎን ሲያደርጓት ቁጭ ሲሉ ጎድናቸውን ወጋቻቸው። ወጣቱ ለሽጉጥ ተብሎ የሚሠራ ጠንካራ ቀበቶና ሰፋ ያለ ሱሪ ሐሳብ አቀረበ። አንድን ሽጉጥ ለመያዝ ልብስን መቀየር የዚህ አገር ትልቁ ጥበብ ነው፤ እኔ በበኩሌ ትክክል መስሎ ይታየኛል፣ የማይመታ ሽጉጥ ከመያዝ ሱሪ መቀየር ይቀላል። ጋሼ ግን ሱሪያቸውን የሚያሰፉት አዲስ አበባ ለሚኖር ሰፊ እየላኩ ነው፤ ልኩ በቀላሉ አይነካም።

አሜሪካኖች የተደበቀ ሽጉጥ ሲገመግሙ ጎንበስ ቀና ይላሉ፣ መኪና ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ያወርዳሉ። ቅርጹ በልብስ ላይ ወጣ አልወጣ ይላሉ። ከእነሱ መካከል ግን አንድም ሰው የእኛን ሰላምታ አልፈተሸም። ጋሼ ሰው ሲያገኙ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫሉ፣ አንገት ለአንገት ይተቃቀፋሉ፣ እንደናፍቆቱ መጠን ደግሞ ጀርባ ይደበደባል፣ ወገብ ይያዛል፣ ተይዞም ደህንነት እስኪጠየቅ ይቆያል። ወገብ ላይ የተደበቀ ሽጉጥ ከአንድ ክርስትና አያልፍም፤ ማታውኑ ሲያትል ድረስ ይሰማል።

ወጣቱ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር አፎት እንዳለ ነገረን። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እንደምናወልቅ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና ብብት ሥር የሚታሰርም አለ አለ። ስግደት ምን እንደሆነ አስረዳሁት፤ የስቅለት ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ግንባር መሬት እየነካ መነሳትና መውደቅ እንዳለ ስነግረው ዓይኖቹ ፈጠጡ። «እሱንስ የሚችል አፎት አላውቅም» አለ። ቤት ስንደርስ ይህን ለእትዬ ስንተርክላቸው፣ «ቆይ፣ ቤተ ክርስቲያን ሽጉጥ ይዞ ሊገባ ማን አሰበ?» አሉ። ማንም መልስ አልነበረውም። የሽጉጥ ነገር እንዲህ ነው፤ ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ ይጀመርና ሳይታሰብ ቅዳሴ ውስጥ ይገኛል።

ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ዲሲ ነው። የቨርጂኒያ ፈቃድ ዲሲም ሜሪላንድም አያገለግልም። ሁለቱም የራሳቸውን ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ሜሪላንድ 16 ሰዓት ሥልጠና፣ ዲሲ በ16ቱ ላይ 2 ሰዓት ተኩስ ይጨምራል። የፖቶማክን ድልድይ ለመሻገር ራዲዮ ላይ አንድ ዘፈን አያልቅም፤ ኪሱ ውስጥ ያለውን የረሳ ሰው ግን ወዲያ ማዶ የሚደርሰው ወንጀለኛ ሆኖ ነው። የጋሼ ኑሮ እንግዲህ በሦስት ግዛት የተበተነ ነው፦ ሱቅ ቨርጂኒያ፣ ቅዳሴ ዲሲ፣ ዕቁብ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለቅሶ የትም። መርሳትን ደግሞ ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። በ2023 በአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ፍተሻ ላይ የተያዙት ሽጉጦች 6,737 ነበሩ፤ ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ጥይት የጎረሱ። የተለመደው መልስ «ረሳሁት» ነው። ቀላል ሽጉጥ የሚመሰገንበት ነገር መኖሩ አለመሰማቱ ነው፤ የሚያሳስረውም ያው አለመሰማቱ ነው።

ቨርጂኒያም ውስጥ ቢሆን ነፃነቱ ልክ አለው። መጠጥ በሚሸጥበት ምግብ ቤት ውስጥ ሽጉጡን ሸፍኖ የያዘ ሰው እዚያው መጠጣት አይፈቀድለትም።

«ጠጅ ወይ ሽጉጥ ማለት ነው?»

«እንደሱ ነው፣ ጋሼ።»

በዚህ ሁሉ ግዢ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም ያሉት እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ሁሉንም ሐሳብ ያፈረሰው ግን ሕጉም ርግጫውም አይደለም፤ የጋሼ ቀኝ ኪስ ነው። የኪስ ሽጉጥ አንድ የማይሻር ደንብ አላት፤ በተቀመጠችበት ኪስ ውስጥ ከአፎቷ በስተቀር ሌላ ነገር አይገባም። ቁልፍም፣ ሳንቲምም፣ እስክሪብቶም ቃታዋ ቀለበት ውስጥ ሊገባ ይችላል። አፎቷም ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን መሆን አለበት፤ ኪስ ውስጥ ባዶዋን የሚከት ሰው እግሩን የጠላ ነው። ወጣቱ ይህን ሲናገር ጋሼ ቀኝ ኪሳቸውን መስተዋቱ ላይ ገለበጡት። የሱቅ ቁልፍ ወጣ፣ መቁጠሪያ ወጣ፣ ያልደረሰው ሎተሪ፣ ታኝኮ የተቀመጠ መፋቂያ፣ የባንክ ደረሰኝ፣ ከዚያ ከረሜላ። ብዙ ከረሜላ፤ ባለ ማር፣ ባለ ናና፣ ወረቀቱ የተላጠና ብናኝ የለበሰ።

ያ ኪስ በሠፈሩ የታወቀ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕፃናት ጋሼን ሲያገኙ አይለምኑም፤ ጉልበት ስመው በቀጥታ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ይከታሉ። ጋሼም እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው፣ ምንም እንዳልተሰማቸው ሆነው ሰው ያነጋግራሉ፤ ጨዋታው ይኸው ነው። የልጅ ልጆቻቸውማ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ የተሰቀለ ሱሪ ሁሉ ይፈትሻሉ። ይህን እያሰብኩ ኤልሲፒዋን አየኋት፤ ከረሜላ መስላ አልታየችኝም፣ ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ኪስ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ያው ነው። ቨርጂኒያ የጎረሰ መሣሪያ ከ14 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አደጋ በሚሆንበት ሁኔታ በግድየለሽነት የተወን ሰው የሚቀጣ ሕግ አላት፤ እኔ ግን የታየኝ ሕጉ አይደለም። ጋሼም ቀዝቀዝ ብለው ከረሜላዎቹን አንድ በአንድ ይሰበስቡ ጀመር።

«ከረሜላውን ወደ ግራ ኪስዎ ያዛውሩት» አልኳቸው።

«ለልጆቹ ማን ይነግራቸዋል? ማስታወቂያ ልለጥፍ?»

መፍትሔውን አሁንም ያመጡት እትዬ ናቸው። ሽጉጥ የተባለ ነገር ከዚያች የመኪና ማቆሚያ መንገድ ሌላ ቦታ አይሄድም። ሱቁ ውስጥ ባለ ቁጥር የብረት ሣጥን ይቀመጣል፤ ሲዘጋ ይወጣል፣ ካፖርት ኪስ ይገባል፣ ማታ ቤት ሲደርስ ሌላ ሣጥን ይጠብቀዋል። ከረሜላው ቀኝ ኪሱን እንደያዘ ይቀራል። ገንዘቡን በተመለከተም አንድ ቃል ጨመሩ፤ «ሰዓት ሳይሆን ፌስታሉን ከጠየቁህ ስጣቸው፣ ሱቁ ኢንሹራንስ አለው፤ አንተ ግን የለህም።» የወጣቱም ምክር ከዚህ አልራቀም። የሽጉጥ ሻጭና ሚስት ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ነው።

ካፖርት ኪስ ከተባለ ክብደቱ ብዙም አያስጨንቅም፤ ስለዚህ ሲጓ ትግባ ብዬ ተከራከርኩ። ካፖርቱ ኪስም ትገባ ነበር። ጋሼ ግን ልባቸው ወደ አምስት ጎራሿ ካዘነበለ ቆይቷል። ምክንያታቸውን ሲዘረዝሩ ከባዱ ቃታዋ አለ፣ ቀላል አሠራሯ አለ፣ እኔ የማውቀው ትክክለኛው ምክንያት ግን ሽጉጥ መምሰሏ ነው። ለመሙላት የተሰጣቸው የፌዴራል ቅጽ ረጅም ነው፤ የሚገዙት ለራስዎ ነው ወይ፣ ተፈርዶብዎት ያውቃል ወይ፣ በሕግ የተከለከለ ዕፅ ይጠቀማሉ ወይ እያለ ይሄዳል። አንድ ጫት የሚቅሙ ጎረቤታቸው ይህን ሲሰሙ ሽጉጥ የመግዛት ሐሳባቸውን ያነሱት በዚያው ነው።

ከፍርድ ቤቱ የመጣው ፈቃድ ፎቶ የለውም፤ ከመታወቂያ ጋር ነው የሚያዘው። ጋሼ በዚህ ቅር ቢላቸውም በላስቲክ አስለበጡት። ሽጉጧን እስካሁን ከቤተሰቡ ውጭ ያየ ሰው የለም፤ እኔም ካየኋት ቆየሁ። ወረቀቱን ግን ያላየው የለም። ዕቁብ ላይ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማለትም ምንም በማያገለግልበት ምድር፣ ከቡናው በኋላ ከቦርሳቸው ወጥቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የድሮው ወታደር አንብበው ይመልሳሉ፣ ዲያቆኑ አይቶ ያማትባል፣ ዕጣው መውጣቱ ይዘገያል። ባለፈው ግን ከዳላስ የመጣ አንድ እንግዳ ነበር፤ ወረቀቱ እሱ ጋ ሲደርስ ገልበጥ አድርጎ አየውና፣ «እኛ ጋ እኮ ከ2021 ጀምሮ ይሄም አያስፈልግም። 21 የሞላውና ያልተከለከለ ሰው ዝም ብሎ ይይዛል» አለ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው፣ አጥፈው፣ ቦርሳቸው ውስጥ መልሰው ከተቱ።

«ታዲያ እናንተ» አሉ «እንግዳ ሲመጣ ምን ታሳያላችሁ?»